ታርጋውን አይተን ገባን፤ ከዚያስ?

እኛ የአዲስ አበባ ሴቶች ምክር አጥተን አናውቅም። ከአንዱ የቴሌግራም ቻናል ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ መጨረሻው ላይ «ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉ» ተለጥፎበት ይደርሰናል። ታርጋ እዩ፣ ከኋላ ተቀመጡ፣ ሲመሽ አትሂዱ። እናት ትመክራለች፣ አክስት ትመክራለች፣ የቢሮ አለቃ ይመክራል። አንዴማ ሹፌሩ ራሱ መከረን፤ «እህቴ፣ በዚህ ሰዓት ከማታውቂው ሰው ጋር መኪና ውስጥ መግባት ጥሩ አይደለም» አለን፤ የማናውቀው ሰው እሱ መሆኑን ረስቶት።

ምክሩ ስህተት ነው አላልንም። እንዲያውም አንድ ሳናስቀር እንፈጽመዋለን። መኪናው እስኪደርስ አስፋልት ዳር አንገተርም፤ ከካፌው ውስጥ ወይም ከጥበቃው አጠገብ ሆነን እንጠብቃለን። ቪትዟ ስትቆም ታርጋዋን ከስልካችን ጋር እናስተያያለን። «ለሳራ ነህ?» ብለን መልሱን በአፉ አናጎርሰውም፤ «ማንን ልትወስድ መጣህ?» ነው የምንለው። ስም ካልደረሰው የስልካችንን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ይንገረን። ይሄ ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኡበር የጠራችው መኪና መስሏት ሌላ መኪና ውስጥ ገብታ ተገድላለች። የኋላ በሮቹ በልጆች መቆለፊያ ተዘግተው ስለነበር ከውስጥ አይከፈቱም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው እዚያ አገር ሹፌሩን «ስሜ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደው።

ከኋላ መቀመጡ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በእኛ ከተማ ከኋላ መቀመጥ እንደ ኩራት ይቆጠራል፤ «ምነው፣ ከበድኩሽ እንዴ?» ይባላል። እንስቃለን፣ ከኋላ እንቀመጣለን። ላይቭ ሎኬሽን ለጓደኛ እንልካለን። በሌላኛው ጫፍ ማንም በሌለበት ስልክ «እሺ ባባ፣ በር ላይ ጠብቀኝ» እንላለን። (ይህን ያላደረገች ሴት አንባቢ ካለች እጇን ታውጣ።) ግድ ሲሆን 991 እንደውላለን። እሺ፤ ሁሉንም አደረግን። ከዚያስ?

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከመካከላችን አንዷ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ሰሚት ራይድ ጠራች። («ራይድ» የምንለው የታሸገ ውኃን ሁሉ «ሃይላንድ» በምንልበት አፍ ነው፤ የትኛው ድርጅት እንደሆነ አንናገርም፣ ነገሩም የአንድ ድርጅት ብቻ አይመስለንም።) ታርጋው ልክ ነው። ፊቱ ግን ልክ አይደለም። ስልኳ ላይ የሚታየው ፀጉሩ የሸበተ ጎልማሳ ነው፤ መሪውን የያዘው ደግሞ ገና ጢሙን ማብቀል የጀመረ ወጣት። «የአጎቴ መኪና ናት፣ ትንሽ አሞት ነው» አላት። ገባች። እዚህ ላይ «ለምን ገባች?» የምትሉ አላችሁ፤ እናውቃችኋለን። ስልኳ 6 ፐርሰንት ነበር የቀረው።

ኢምፔሪያልን እንዳለፉ «ሲስተሙ አስቸገረኝ፤ ካንስል አድርጊውና በዚያው ዋጋ አደርስሻለሁ» አለ። እንቢ አለች። ጥሩ አደረገች፤ ጉዞው ካንስል ከተደረገ በኋላ ድርጅቱ ዘንድ እሷ እዚያ መኪና ውስጥ የለችም። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ባል አለሽ? ብቻሽን ነው የምትኖሪው? አደረሳት፤ አልነካትም። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቴሌግራሟ ጮኸ፤ «ትናንት ምን አኮሳተረሽ?» እስከ ማታ 11 ጊዜ ደወለ። ስታግደው በሌላ ቁጥር ጻፈ፤ «ቤትሽን አውቀዋለሁ እኮ»።

ለድርጅቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። «ነክቶሻል?» «አልነካኝም።» «እሺ፣ ቅሬታሽን መዝግበናል።» ከ3 ሳምንት በኋላ ከዚያው ሰፈር መኪና ስትጠራ ስልኳ ያመጣላት ያንኑ ታርጋ ነው።

እስቲ ንገሩን፤ ከዚያ ሁሉ የምክር ዝርዝር ውስጥ ይህን የሚያስቀረው የቱ ነው? ሹፌሩ የተመዘገበው ሰው መሆኑን የማረጋገጥ ሥራ የማን ነው? የእሷ? በጥቅምት ብርድ፣ በ6 ፐርሰንት ባትሪ?

ይህ ነገር የት እንደሚያደርስ የተረዱ ከተሞች አሉ፤ የተረዱት ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ቻይና ውስጥ ዲዲ የሚባለው ግዙፍ ድርጅት «ሂች» የተሰኘ የጋራ ጉዞ አገልግሎት ነበረው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በዚህ አገልግሎት ተሳፍራ ተገደለች። ተጠርጣሪው ሲሠራ የነበረው በአባቱ አካውንት ነበር። («የአጎቴ መኪና ናት» የምትለዋ ቃል ለምን እንደምታስደነግጠን አሁን ገባችሁ?) በዚያው ዓመት ኦገስት ሌላ የ20 ዓመት ወጣት ተገደለች። በዚህኛው ሹፌር ላይ ግን ከግድያው አንድ ቀን በፊት ሌላ ተሳፋሪ አቤት ብላ ነበር፤ ወደ ጭር ያለ ቦታ እንደወሰዳትና ከወረደች በኋላም እንደተከተላት ተናግራለች። ድርጅቱ በጊዜው አለማጣራቱን ራሱ አምኗል። እሷንም ሹፌሩ አልገደላትም ነበር። የእሷም ቅሬታ «ተመዝግቧል»።

ሂች ከዚያ በኋላ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሊመለስ ሲል ዲዲ ምን መፍትሔ ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ወንዶች እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፣ ሴቶች ግን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ እንዲጠቀሙ! ሕዝቡ ሲጮህበት ለሁሉም 2 ሰዓት አደረገው። «ሲመሽ አትሂዱ» የሚለው የአክስታችን ምክር በቢሊዮን ዶላር ድርጅት ደረጃ ሲወጣ ይህን ይመስላል።

ለንደን ሌላ መንገድ ሄደች። የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የኡበርን ፈቃድ አላድስም አለ። አንዱ ምክንያት ያልተፈቀደላቸው ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ በሌሎች ሹፌሮች አካውንት ላይ እየጫኑ ቢያንስ 14,000 ጉዞ ማድረጋቸው ነበር። ኡበር ችግሩን ለመድፈን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 በፍርድ ቤት ፈቃዱን አስመለሰ። ለተሳፋሪዎች «ፎቶ በደንብ እዩ» ብሎ ማሳሰቢያ መለጠፍ ይቀል ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፈቃዱን ሲይዝ ግን ድርጅቱ ይሰማል።

እኛም አገር ሕግ የለም አይባልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል አለን። የስልክ ቁጥራችን የግል ዳታችን ነው። ለአንድ ጉዞ የሰጠነው ቁጥር ለሳምንት የፍቅር ደብዳቤ ማድረሻ እንዲሆን አልፈቀድንም። ሌላ አገር መደወያው በመካከለኛ ቁጥር ያልፋል፤ ሹፌሩም ተሳፋሪዋም ይነጋገራሉ፣ ማንም የማንንም ቁጥር አያይም። እዚህ ግን መንገድ ላይ መኪና ስናስቆም እንኳ ቁጥራችንን ለሹፌሩ ጮክ ብለን እንነግረዋለን፤ በስልኩ ያስገባዋል፣ ጉዞው ይጀምራል። ቁጥሩስ መቼ ይጠፋል? አይጠፋም።

አሁን ሹፌሮች ይቆጡናል፤ ይገባቸዋል። ተሳፋሪ መስለው በጠሩ ዘራፊዎች መኪናቸውን የተቀሙ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ አሉ። ማታ ወደ ዳር ሰፈር ጥሪ ሲመጣ ሹፌሩ ደውሎ «ወዴት ነሽ? ስንት ናችሁ?» የሚለው ሁልጊዜ ለነገር አይደለም፤ እሱም ፈርቶ ነው። የምንጠይቀው ነገር እሱንም የሚጠቅም ነው። መሪ የያዘው ሰው የተመዘገበው ሰው ይሁን፤ የጠራውም ሰው ይታወቅ። ሐቀኛው አጎት አካውንቱን ለወንድሙ ልጅ ማከራየት ቢያቅተው የሚጎዳው ማን ነው?

ደግሞም አናመሰግንም አላልንም። ከላዳ ጋር በዝናብ መሐል ዋጋ ስንከራከር ያደግን ልጆች ነን። አገልግሎቱን ለከተማዋ ካስተዋወቁት አንዷ ሳምራዊት ፍቅሩ ራሷ ማታ ከሥራ ወጥታ ታክሲ ስትፈልግ የነበረባትን ፍርሃት በቃለ ምልልስ ተናግራለች። ሥራው የተጀመረው ከዚያ ፍርሃት ነው ማለት ነው። ለዚህም ነው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ምክር ሲያከፋፍል የሚቆጨን።

የምንለው አጭር ነው። ሹፌሩ ሥራ ሲጀምር ፊቱን ያሳይ። ቁጥራችን ይሸፈን። ቅሬታ ያቀረበች ሴት የቅሬታ ቁጥር ይሰጣት፤ ያ ሹፌርና እሷ ዳግም እንዳይገናኙ ማሽኑ ራሱ ይለያቸው። ይህን ለመሥራት ትልቅ ሳይንስ አይጠይቅም፤ ያው ማሽን የአገልግሎት ኮሚሽኑን እስከ ሳንቲሙ ያሰላ የለ እንዴ? ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይም ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኑር፤ «ነክቶሻል?» ከማለቱ በፊት «አሁን የት ነሽ?» የሚል። የከተማው ትራንስፖርት ቢሮም ይህን የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ያድርገው።

የሰሚቷ ጓደኛችን አሁንም በራይድ ነው የምትሄደው። ሌላ ምን አላት? ቤቷን እንዳያውቁባት ግን ሁለት መታጠፊያ ቀድማ ትወርዳለች። እዚያ ጋ መብራት የለም። የቀረውን በእግሯ ትሄደዋለች።