የሰው ዱላ

«ጋሼ፣ ሻፍት ሊመጣልኝ ነው!» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ፣ ቪዛ እንደተመታለት ሰው ፊቱ በርቶ። እኔ የመኪና መስሎኝ «መኪና ገዛህ እንዴ?» ብለው ሳቀብኝ። ለካስ የሚያወራው ስለ ፑል ዱላ የፊተኛው ግማሽ ነው። አሜሪካ ያለው አጎቱ ሊልክለት ነው፤ ያውም ካርቦን ፋይበር። ዋጋው ወደ 500 ዶላር። ወደ ብር መልሳችሁ እዩት፤ እኔ መልሼ ስጨርስ ውሃ ጠይቄያለሁ።

ልጁ ጨዋታውን ያውቃል። እኔም በማስተማር ዘመኔ ከረምቡላ ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ቅዱስ አልነበርኩምና መመስከር እችላለሁ። በዚያ ጫፉ በተላላጠ፣ ወገቡ በጎበጠ የቤቱ ዱላ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ሲያስከፍል ኖሯል። ታዲያ ሻፍቱ መጣ። በሳምንቱ ልጃችን ትናንት ለሚያሸንፋቸው ሁሉ ከፋይ ሆኖ ቁጭ አለ! «ፎርጅድ ነው የላኩልኝ» አለኝ ሊያለቅስ እየቃጣው።

ፎርጅድ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ነጯን ኳስ መሃሏን ትታችሁ ጎኗን ስትመቷት ትሽከረከራለች፤ ግን ዱላው ካነጣጠረበት መስመርም በትንሹ ታፈነግጣለች። ቀኟን ከመቷት ወደ ግራ፣ ግራዋን ከመቷት ወደ ቀኝ። ይህን በዋናነት የሚወስነው የዱላው የጫፍ አካባቢ ክብደት ነው። ጫፉ ከከበደ ማፈንገጡ ይበዛል፤ ከቀለለ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ፕሬዴተር የተባለው ኩባንያ ስሙን የተከለው ማፈንገጡን የሚቀንስ ሻፍት በመሥራት ነው። የካርቦን ፋይበሩ ከዓመታት በኋላ የመጣ ነው።

የልጁ ዓይንና ክንድ ግን ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት የቤቱን ዱላ ነው። ኳሷን በቀኝ ጎኗ ሲመታ ወደ ግራ እንደምታፈነግጥበት እጁ ስለሚያውቅ፣ ሳያስበው ቀድሞ ትንሽ ወደ ቀኝ ያነጣጥራል። አዲሱ ሻፍት ማፈንገጡን ሲቀንስለት ያ ማካካሻ ራሱ ስህተት ሆነ። በሽታው ሲቀንስ የለመደው መድኃኒት በዛበት እንደ ማለት ነው።

እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። «ለምን ይህንን መረጥክ?» ስለው የሰጠኝ መልስ ነው። «ምርጥ ነው ተባለ!» ተባለ… ማን አለ? ለማን ነው ምርጥ? ረጅም ምት ለሚመታ ነው ወይስ አጠገቡ ያለችውን ኳስ ለሚያባብል? መሃሏን ለሚመታ ነው ወይስ እንደ እንዝርት ለሚያሾራት? አጎትየው አልጠየቀ፤ ሻጩ አልጠየቀ፤ ይባስ ብሎ ልጁ ራሱን አልጠየቀ።

እዚህ ላይ የፑል ቤቱ ሽማግሌዎች ጣልቃ ገቡ። «ድሮም ችሎታ ነው እንጂ ዱላ ምን ያደርጋል!» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። ግማሽ እውነት አላቸው። አሜሪካዊው ዊሊ ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1954 አንድም ሳይስት 526 ኳሶችን አከታትሎ ሲያስገባ የካርቦን ፋይበር ሻፍት የሚባል ነገር አልነበረም። ግን በሌላው ግማሽ ተሳስተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሚንጎ የተባለው ፈረንሳዊ የዱላውን ጫፍ በቆዳ ባያለብሰው ኖሮ፣ ዛሬ የምናደንቀው ሽክርክሪት አብዛኛው ባልኖረም ነበር። መሣሪያ ዋጋ አለው! «ዋናው ችሎታ ነው» የሚለውን ስብከት እኮ አብዝቼ የሰማሁት መሣሪያ ማቅረብ ካለበት ሰው አፍ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ የሆነበትን መምህር «ጎበዝ መምህር በጠመኔ ብቻ ያስተምራል» የሚለው ሰውዬ፣ የራሱን ቢሮ ወንበር በየጊዜው ያስለውጣል።

እንግዲህ እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። መሣሪያ የሚመረጠው ከራስ ተነስቶ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሻፍቱ ጥርስ ከኋለኛው ግማሽ ብሎን ጋር መግጠሙ ይረጋገጣል፤ ካልገጠመ ወሬውም አያስፈልግም። ከዚያ እጅ ይታያል። የተለመደው የጫፍ ውፍረት ወደ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጫጭኖቹ 12 አካባቢና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። ብዙውን ጊዜ ወፈር ያለው መሃሏን ለሚመታ፣ ቀጠን ያለው ጣቱ አጭር ለሆነና ማሽከርከር ለሚወድ ይመቻል። አንዳንዱ ሻፍት ከጫፉ ጀምሮ ረዘም ላለ ርቀት ውፍረቱ አይለወጥም፤ በጣት ቀለበት ውስጥ ሲመላለስ እኩል ይሄዳል። ሌላው ወደ ኋላ እየወፈረ ይሄዳልና ጠንከር ይላል። በመጨረሻ፣ በምትጫወትበት ጠረጴዛ ላይ አንዷን ምት አሥር ጊዜ በዚህኛው፣ አሥር ጊዜ በዚያኛው ትመታታለህ። ያኔ የምትናገረው ስለ ራስህ ጨዋታ ነው፤ «ተባለ» ቀረ ማለት ነው።

«ከሥነ ጽሑፍ ወደ ፑል፣ ሰውዬው ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ልናዘዝ። ስንት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የቆምኩት ሻፍት አስመጪ ሆኜ ነው። ከፓሪስ የመጣ ንድፈ ሐሳብ፣ ከሞስኮ የመጣ ንድፈ ሐሳብ… ተማሪዬ የሊቃውንቱን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንብልኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበህ የቱ ጋ ልብህ ተነካ? ስለው ግን ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔስ? «ኤ» ሰጥቼ አሰናብቼዋለሁ! ንድፈ ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ማንበብ ሳይለምድ ስለ አነባበብ የሰው መሣሪያ አስታቀፍኩት። ዛሬ ከእነሱ አንዳንዶቹ መምህራን ናቸው፤ ምን እንደሚያስተምሩ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲሉ ወርቁን መናቃቸው አልነበረም። ሥርዓተ ትምህርት ስናመጣ፣ ፖሊሲ ስንቀዳ፣ የቤት ፕላን ስናስገለብጥ «ምርጥ ነው ተባለ» እንላለን። ሲከሽፍብን ደግሞ «ፎርጅድ ነው» ብለን ሌላ እናዛለን። የእኛ ክንድ ምን ለምዶ እንደኖረ የሚጠይቅ የለም።

የልጁ ሻፍት ሁለት ወር ያህል ግድግዳ ላይ እንደ ዲፕሎማ ተሰቅሎ ከረመ፤ እናቱ አቧራውን ይጠርጉለታል። ባለፈው ቅዳሜ ግን አውርዶት አገኘሁት። ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ ከፍሏል። ሰው ሲበተን ብቻውን ቀርቶ አንዷን ምት ይደጋግማታል። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ የምስተው በቀኝ በኩል ነው፤ ለምንድን ነው?» አለኝ።

መልሱን አልነገርኩትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እስቲ ድገማት» አልኩት።