ዓይን አፋር ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲቆም



በጨዋ ቤት የሚያድግ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ዝምታን ነው። እንግዳ ሲገባ እጅ ይነሣል፥ ውሃ ያስታጥባል፤ ታላላቆች ሲጫወቱ ግን ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይቆማል እንጂ በነገር መካከል አይገባም። ስለዚህም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ይኸው ልጅ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲደርስ፥ መምህሩ ከ40 ጓደኞቹ ፊት አቁሞ «ያጠናኸውን ተናገር» ይለዋል። አንደበቱ ቢታሰር ምን ያስደንቃል? ትናንት ያስመሰገነው ዝምታ ዛሬ እንደ ስንፍና ይቈጠርበታል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ወላጅ ይቈጣል፤ «የእከሌ ልጅ እንደ ውሃ ያንበለብለው የለምን?» ይላል። ቍጣ ግን ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ አፍ አይፈታም። ሌላው ደግሞ ከርኅራኄው ብዛት የተነሣ የቤት ሥራውን ራሱ ይጽፍለታል፤ ጸሓፊ ያለው ሹም እንደ ሆነም ለጸሓፊው ይሰጠዋል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ከሆነ ያሳዝናል። ልጁ ያልደከመበትን ቃል ተሸክሞ ሲቆም ፍርሃቱ ይብስበታል፤ አንድ ቃል ቢጠፋበት የሚተካበት የራሱ ነገር የለውምና።

መድኃኒቱን አባቶቻችን ያውቁት ነበር። በንባብ ቤት ሕፃኑ በቀጥታ ወደ የኔታ አይቀርብም። አስቀድሞ ከእርሱ ጥቂት ከፍ ካለ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ፥ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቈመ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ያነብባል። ሌሎቹም ሁሉ በየበኩላቸው ስለሚጮኹ ስሕተቱን ለይቶ የሚስቅበት የለም። የኔታ ፊት በቀረበ ጊዜ ቃሉ አፉን ለምዶታል።

ይህንኑ ሥርዓት በቤት መሥራት ይቻላል። የሚናገረው ለዓርብ የታዘዘ እንደ ሆነ፥ ሰኞ ማታ ነገሩን በገዛ ቃሉ ይጻፍ፤ እናንተም ጠይቁት እንጂ አትጻፉለት። ማክሰኞ ለታናሽ እኅቱ ይንገራት፤ ታናሽ አትፈርድምና። ረቡዕ ለእናቱ፥ ኀሙስ ለአባቱና ለአጎቱ ቆሞ ይናገር። ሲሳሳት አታቋርጡት፤ ሲጨርስም ስለ ነገሩ እንጂ ስለ ድምፁ ማነስ አታንሡበት። ለመምህሩም አስቀድሞ ቢነገረው፥ ለመጀመሪያው ቀን በመቀመጫው ሆኖ ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋራ እንዲናገር ሊፈቅድለት ይችላል። ይህ ግን ትእዛዝ እንዳይመስል መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መምህሩ «የሹም ልጅ ነው» ብሎ ጨርሶ የተወው እንደ ሆነ ልጁ ተጐዳ።

ደግሞም እንግዳ ባለበት ማዕድ ላይ አባት ልጁን አንድ ጥያቄ ቢጠይቀውና መልሱን እስኪጨርስ ቢጠብቀው፥ ከጨዋነቱ ምንም አይጐድልም።

ነገር ግን በቤቱ እንደ ልቡ የሚጫወት ልጅ፥ ትምህርት የጀመረበት የመጀመሪያው ወር ሳይቈጠር፥ በትምህርት ቤት ከ1 ወር በላይ ቃል ሳይናገር ቢቈይ ዓይን አፋርነት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች የሚያውቁት የጭንቀት ሕመም አለና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ልጁ በእልኽ ዝም እንዳላለ ለመምህሩ ማስረዳትም የወላጅ ፈንታ ነው።