ምስጋናና ደጅ ጥናት

ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ለረጅም ጊዜ ኖረዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ድንበር ተሻግረው የገቡ አሉ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራ ፍለጋ የተጓዙ አሉ። ዴምና ጅሬፍ በሚባሉት ሠፈሮች አማርኛ እንደ ልብ ይነገር ነበር። አብዛኞቹ በሰው ቤት፣ በምግብ ቤት፣ በሻይ ሽያጭና በግንባታ ሥራ ሲተዳደሩ፣ ትምህርት የቀሰሙት ደግሞ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ጨምረው በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት ለመቀጠር ያመለክቱ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ የተመለሰ አመልካች በዚያው ዕለት ማታ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹን በኢሜይል ያመስግን ወይስ ዝም ብሎ ውጤቱን ይጠብቅ?

«ገና ምን ተደረገለትና ያመሰግናል?» የሚሉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይህ አስተያየት ሥር አለው። በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው ከመኳንንቱ ደጅ ማልዶ ይቆም፣ ጌታው ብቅ ሲሉ እጅ ይነሣ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ደጅ ይጠና ነበር። እንዲታወስለት የሚሻም እጅ መንሻ ያቀርብ ነበር። ስለዚህ ገና ውሳኔ ላልሰጠ ባለሥልጣን ምስጋና መላክ ያንኑ የደጅ ጥናት ልማድ በአዲስ መሣሪያ እንደ መቀጠል ሊቆጠር ይችላል። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

ደጅ ጠኚ የሚያስበው ወደፊት የሚሰጠውን ነው። አመስጋኝ ግን አስቀድሞ ለተቀበለው ነገር ምላሽ ይሰጣል። ጠያቂዎቹ ማመልከቻውን አንብበዋል፤ ሌላ ሥራቸውን ትተው አነጋግረውታል፤ ስለ ሥራው ላነሣው ጥያቄም መልስ ሰጥተውታል። ይህ ውለታ አመልካቹ ቢቀጠርም ባይቀጠርም ያው ነው። እንግዲህ ደብዳቤውን መመዘን አስቸጋሪ አይሆንም። «አልተመረጥህም» የሚል መልስ ከደረሰው በኋላ እንኳ አንድም ቃል ሳይለውጥ ሊልከው የሚችል ከሆነ ደብዳቤው ምስጋና ነው። ሊልከው የማይችል ከሆነ ግን ደጅ ጥናት ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ «ቤተሰቦቼ በእኔ እጅ ናቸውና እባክዎ ያስቡልኝ» የሚል ደብዳቤ ይወድቃል። ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን ይህ አይደለም። «እንደ እርስዎ ያለ አስተዋይ ኃላፊ አላየሁም» የሚለውም ውዳሴ ከንቱ ነው። የሚያልፈው ደብዳቤ አጭር ነው፦ «ዛሬ ጠዋት ስለ አስተርጓሚነቱ ሥራ ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። ሠራተኛው በሳምንት ሁለት ቀን ከከተማ ውጭ እንደሚሠራ መንገርዎ ስለ ሥራው ጠባይ እንዳውቅ ረድቶኛል። አብረውዎት ለነበሩትም ባልደረቦችዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።» መካከለኛው ዐረፍተ ነገር ዋናው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበረ ሰው ሊጽፈው አይችልምና።

አጠራርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱዳናዊውም እንደ ኢትዮጵያዊው ከአባቱ ስም በፊት የራሱን ስም ያስቀድማልና በዚያው መጥራት አያስነቅፍም። የተማረን ሰው በአክብሮት «ኡስታዝ» ማለትም በሱዳን የተለመደ ነው። ጠያቂው አውሮፓዊ ሲሆን ግን በክብር የሚጠራው በመጨረሻ በተጻፈው በቤተሰቡ ስም ነው። ይህን ያላጣራ አመልካች ሳያውቅ ሊያስቀይም ይችላል። በሱዳን የሥራ ሳምንት እሑድ ተጀምሮ ሐሙስ ስለሚያበቃ፣ ሐሙስ የተጠየቀ ሰው ምስጋናውን በዚያው ዕለት ካልላከ ሦስት ቀን ማለፉ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ቅጥሩ በፈተና ነጥብ ብቻ የሚወሰን ሲሆን፣ ነጥቡ ሳይታወቅ ለፈታኞች በግል መጻፍ ጥርጣሬን ይጋብዛል። እንዲህ ባለው ጊዜ ምስጋናው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ቢላክ የተሻለ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፤ ከፊሎቹም ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። እንዲህ ባለው ሽሽት የትምህርት ማስረጃም የሥራ ልምድ ወረቀትም ይጠፋል። የተላከ ኢሜይል ግን ማንም ካልሰረዘው በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ ይቆያል። ማስረጃው ሁሉ የጠፋበት አስተርጓሚ መተማ ተቀምጦ ያችን አጭር ደብዳቤ ከፍቶ፣ ከሥሯ «ከጦርነቱ በፊት በካርቱም ያነጋገሩኝ አመልካች ነኝ፤ በደኅና ወጥተው ይሆን?» ብሎ መጻፍ ይችላል።