ሦስት ሰርቨር፣ አንድ ሶኬት

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ስናፕቻት አልከፍት ብሏችሁ ከነበረ ጥፋቱ የስልካችሁ ላይሆን ይችላል። አሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ክላውድ የአንድ ዳታቤዝ አገልግሎት የኢንተርኔት አድራሻ ጠፍቶ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ አፖች አብረው ወደቁ። ሰርቨር አንሷቸው አይደለም፤ ብዙ ሰርቨር ይዘው ሁሉም የተደገፉት አንድ ነገር ላይ ስለነበር ነው። የእኛ አገር አፕ ሠሪዎችም አሁን "ክላስተር እንትከል" እያሉ ነውና ነገሩ ይመለከተናል።

ለመሆኑ ክላስተር ምንድን ነው? አፑ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ይታሸጋል። ጥቅሎቹን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚደለድለው ኩበርኔቲስ ነው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም በነፃ የለቀቀው ሶፍትዌር። ሥራው ልክ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። "ሁሌም አምስት ይኑር" ካላችሁት አንዱ ሲበላሽ ሌላ ይተካል።

ታዲያ ተራ አስከባሪው ራሱ ቢታመምስ? የክላስተሩን መዝገብ የሚይዙት ሰርቨሮች ቢያንስ ሦስት ይሁኑ የሚባለው ለዚህ ነው። ውሳኔ የሚያልፈው በአብላጫ ድምፅ ስለሆነ ከሦስቱ አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን አብላጫ አይሆንም፤ አዲስ ነገር መወሰን ያቅተዋል።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ የመብራት መስመር ላይ ከተሰኩ፣ መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ወጪው የሦስት፣ ዋስትናው የአንድ!

ከውጭ ክላውድ እንከራይ ቢባል ደግሞ ሒሳቡ በዶላር ነው። አማዞን ክላስተሩን ለማስተዳደር ብቻ በሰዓት 0.10 ዶላር ይጠይቃል፤ በወር 73 ዶላር ገደማ፣ ያውም ሰርቨሮቹ ሳይቆጠሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ስለነበር ይህ 4,200 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብር ካለፈ ወዲህ ያው ክፍያ ከ7,300 ብር በላይ ሆኗል፤ አፑ አንድ ተጠቃሚ እንኳ ሳይጨምር።

አገር ውስጥም አማራጭ አለ። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። እዚያም ቢሆን ግን ጥያቄው ያው ነው፦ ሁሉም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ወይስ ተበታትኗል?

ለጀማሪ ቡድን የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንድ ሰርቨር ላይ በዶከር አሰማሩ፣ የዳታቤዙን ቅጂ በየቀኑ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ቅጂው በትክክል እንደሚመለስም ሞክሩ። ኩበርኔቲስ የወደቀ አፕ ያስነሳል እንጂ የጠፋ ዳታ አይመልስም። ክላስተሩ ተጠቃሚ ሲበዛ ይደርሳል።

አፕ ለአንድ ሰዓት ሲቋረጥ ለእኛ መሰላቸት ነው፤ በአፕ ለሚሠራው የታክሲ ሹፌር ግን የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ አንዱ "እኛ ኩበርኔቲስ ላይ ነን" ብሎ ሲኩራራ ስትሰሙ፣ ሰርቨሩ ስንት እንደሆነ አትጠይቁት። ሶኬቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁት።