አልትራሳውንድ የመገጣጠሚያን ጉዳት ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል?

በነፍሰ ጡር እናቶች ምርመራ የሚታወቀው አልትራሳውንድ የጉልበትንና የሌሎች መገጣጠሚያዎችን ጤንነት ለማየትም ይውላል። ኤምአርአይ በማይገኝባቸው ወይም ዋጋው ከሕሙማን አቅም በላይ በሆነባቸው አገራት መሣሪያው ምን ያህል ሊታመን ይችላል የሚለው ግን አሁንም ያነጋግራል።

መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2019 ወደ 528 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ኦስቲዮአርትራይተስ ከተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ቁጥሩ ከ1990 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው።

ሕመሙ የአጥንቶችን ጫፍ ሸፍኖ እንዳይፋተጉ የሚያደርገውን ለስላሳ ሽፋን፣ ካርቲሌጅን፣ ይጎዳል። ካርቲሌጅ የደም ሥርም ሆነ ነርቭ የለውም። በዚህም ምክንያት ጉዳቱ ሲጀምር ላይሰማ ይችላል፤ አንዴ ከተጎዳም በቀላሉ አይተካም። “ቁርጥማት ነው፣ ይተወኛል” ብሎ የቆየ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሽፋኑ ሳስቶ ሊገኝ ይችላል።

የሚያሳየውና የሚሰወርበት

ራጅ ካርቲሌጅን በቀጥታ አያሳይም፤ ሐኪሙ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን አይቶ ይገምታል። አልትራሳውንድ ግን ጉልበት ታጥፎ ሲታይ ጤናማውን ካርቲሌጅ በሁለት ብሩህ መስመሮች መካከል እንደተዘረጋ ጥቁር ንጣፍ ያሳያል። የመስመሮቹ መደብዘዝ ወይም የንጣፉ መሳሳት የጉዳት ምልክት ነው። ምርመራው ጨረር የለውም፤ መሣሪያውንም ወደ ሕሙማን መውሰድ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የድምፅ ሞገዱ አጥንትን ዘልቆ ስለማያሳይ ክብደት ከሚሸከመው የጉልበት ክፍል ብዙው አይታይም። ውጤቱም በመርማሪው ችሎታ ይወሰናል። በተጨማሪም መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ድምፅ በአካል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር እንደሚጓዝ አድርገው ያሰላሉ፤ በካርቲሌጅ ውስጥ ፍጥነቱ ስለሚለይ የውፍረት ልኬቱ ሊዛባ ይችላል።

በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህንኑ የድምፅ ፍጥነት በመለካት የጡት ዕጢዎችን ለመለየት የሚረዳ የአልትራሳውንድ ዘዴ ላይ ሠርተዋል። ሥራቸው አልትራሳውንድ ከምስል አልፎ የአካል ክፍሎችን ባሕርይ ሊለካ እንደሚችል ያመላክታል። ለካርቲሌጅ ግን እንዲህ ያለው ልኬት ገና የዘወትር ምርመራ አልሆነም።

ከምርመራው በኋላስ?

በግንቦት 2023 ጄኔቫ ላይ የተካሄደው የዓለም ጤና ጉባኤ የምርመራ አቅምንና የተሃድሶ ሕክምናን ስለማጠናከር ሁለት ውሳኔዎችን አሳልፏል። ለመገጣጠሚያ ሕሙማን አንዱ ያለ ሌላው ትርጉሙ አናሳ ነው። መሣሪያው ኖሮ የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ፣ ያልታየው ጉዳት እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ጉዳቱ ታውቆ ፊዚዮቴራፒ፣ የአካል ብቃት እንቅስቃሴና የክብደት ቁጥጥር ካልተከተሉ ደግሞ ሕመምተኛው ያገኘው ምስል ብቻ ይሆናል።