የኢንሱሊን ዋጋ፦ ከፋብሪካው እስከ ገበሬው ደጅ

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥበት ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሌላውን ወጪ ምርት እስኪሰበሰብ ድረስ ማቆየት ይቻላል፤ ይህን ግን አይቻልም። ገዢው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ የመከራከር አቅም የለውም። የመድኃኒት ምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ደጋግመው የሚያነሡት ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። በካናዳ ያገኙት ባንቲንግ፣ ቤስት እና ኮሊፕ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት በአንድ አንድ ዶላር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን አብዛኛው የዓለም ገበያ በኤሊ ሊሊ፣ በኖቮ ኖርዲስክ እና በሳኖፊ እጅ ይገኛል።

የእንግሊዙ ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድሪው ሂል በሥራቸው የሚያነሡት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ኩባንያው ምን ያህል ይጠይቃል ሳይሆን፣ መድኃኒቱን ለመሥራት ምን ያህል ይፈጃል? በውጭ ንግድ መዛግብት ላይ የሰፈረውን የጥሬ ዕቃ ዋጋ ይወስዳሉ፤ የማምረቻ፣ የማሸጊያና የማጓጓዣ ወጪ እንዲሁም ትርፍ ይጨምሩበታል። ጤፍ አምራቹ የዘሩን፣ የማዳበሪያውንና የጉልበቱን ደምሮ ኩንታሉ ስንት እንደፈጀበት የሚያሰላው ዓይነት ሒሳብ ነው። ሂልና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ሰው የዓመት ሰብዓዊ ኢንሱሊን ከ72 ዶላር ባልበለጠ፣ አዳዲሶቹ ዓይነቶች ደግሞ ከ133 ዶላር ባልበለጠ ዋጋ ሊቀርቡ እንደሚችሉ ገምተዋል።

ኩባንያዎች የምርምርና የጥራት ቁጥጥር ወጪን በማንሣት እንዲህ ያለውን ስሌት ይሞግታሉ፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሦስቱም ኩባንያዎች በተከታታይ የአንዳንድ ኢንሱሊኖቻቸውን የአሜሪካ ዋጋ 70 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። ይህን ያህል ሊወርድ የሚችል ዋጋ በማምረቻ ወጪ ብቻ ተወስኖ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ግን የሂል ስሌት ግማሹን መንገድ ብቻ ያሳያል። አገሪቱ አብዛኛውን መድኃኒት የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። ዶላር በ57 ብር ይመነዘር በነበረበት ጊዜ 72 ዶላር 4 ሺህ 100 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በወራት ውስጥ 120 ብር ሲደርስ፣ ያው መድኃኒት 8 ሺህ 640 ብር ሆነ። ፋብሪካው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ማለት ነው።

ጉዳቱ በታካሚው ኪስ ላይ ብቻ አያበቃም። የመንግሥት ጤና ተቋማት አብዛኛውን መድኃኒት የሚገዙት በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፦ ይገዛሉ፣ ከታካሚ ወይም ከጤና መድን ገንዘቡን ይሰበስባሉ፣ በዚያው ገንዘብ እንደገና ይገዛሉ። በአሮጌው ዋጋ የተሸጠ መድኃኒት በአዲሱ ዋጋ ሲተካ፣ አሥር ጠርሙስ የገዛው ገንዘብ አምስት እንኳ አይገዛም። የመድኑ ክፍያ ከዘገየ ደግሞ ያችው ጥቂት ገንዘብም ቆማ ትጠብቃለች። መደርደሪያው ባዶ የሚሆነው በዚህ መካከል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የገጠሩን ነዋሪ ከድንገተኛ የሕክምና ወጪ ለመታደግ የታለመ ነው። መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ሲኖር አባሉ ይጠቀማል፤ ሲጠፋ ግን የመድን ደብተሩን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፣ በዚያም ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ ይከፍላል። የከተማው ነዋሪ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ተዘዋውሮ ያማርጣል። ከገጠር የመጣው የመጓጓዣውን ጨምሮ፣ ኢንሱሊኑ ሙቀት እንዳያበላሸው እየተጠነቀቀ ይመለሳል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚቀመጥበትን ቀዝቃዛ ቦታም ያበጃል። ይህን ወጪ የትኛውም የፋብሪካ ስሌት አይቆጥረውም።

ምርት ተሰብስቦ የአባልነት እድሳት ሲጀመር በየቀበሌው የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የመዋጮው መጠን ነው። ባለፈው ዓመት ኢንሱሊንና መሰል መድኃኒቶች ከጤና ጣቢያውና ከሆስፒታሉ ስንት ቀን እንደጠፉ የሚያሳይ ቁጥር አብሮ ቢቀርብ፣ አባሉ የከፈለው ገንዘብ ምን እንደገዛለት ያውቅ ነበር።