የመርሳት ሕመምና የአንጎል ምስል፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

የመርሳት ሕመም አንድ በሽታ አይደለም። ማስታወስ፣ ማሰብና ራስን መምራት እየደከመ ሲሄድ የሚሰጠው የወል ስም ነው፤ መነሻው ብዙ ነው። በድሬዳዋው መጋላ ሰፈር ግን፣ እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ፣ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቤተሰብ የሚደነግጠው እናት ከቀፊራ ገበያ የቤታቸው መንገድ ሲጠፋቸው ነው። የአንጎል ምስል የመጀመሪያ ጥቅሙ በዚህ ጊዜ ሊድን የሚችለውን ከማይድነው መለየት ነው።

አንድ አዛውንት ከባጃጅ ሲወርዱ ጭንቅላታቸውን ቢመቱና ቢረሱት፣ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ለሳምንታት ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ከዚያ መፍዘዝ፣ መርሳትና እንቅልፍ ማብዛት ይከተላል። ሲቲ ስካን ይህን በደቂቃዎች ያሳያል፤ ቅሉ ተበስቶ ደሙ ሲወጣ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ሁለተኛው በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ፈሳሽ ሲበዛ የሚመጣው ሕመም ነው። ኮሎምቢያዊው ሐኪም ሰሎሞን ሃኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1965 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። እግር ከመሬት እንደተጣበቀ ያህል መራመድ ያቅታል፣ ሽንት ያመልጣል፣ ሐሳብ ይዘገያል። ምስሉ ላይ ክፍተቶቹ ከአንጎሉ መሟሸሽ ጋር በማይመጣጠን መልኩ ሰፍተው ይታያሉ፤ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ በተለይ አረማመዱን ሊመልስ ይችላል። ዕጢም በዚሁ ምርመራ ይገኛል።

ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጡት አይድኑም፤ ልዩነታቸው ግን ሕክምናውን ይቀይራል። አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጸው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ትዝታ በሚቀረጽበት ሂፖካምፐስ አካባቢ ነው። ኤምአርአይ የዚህን ክፍል መሳሳት በግልጽ ያሳያል፤ ሐኪሞችም ከ0 እስከ 4 ባለው የሼልተንስ መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል። ከደም ሥር የሚመጣው መርሳት ሌላ መልክ አለው፦ ትናንሽ የስትሮክ ጠባሳዎችና የነጩ የአንጎል ክፍል ጉዳት ይታያሉ። ደም ግፊትና ስኳር በሚበዛበት ከተማ ይህ ዓይነቱ ችላ ሊባል አይገባም፤ ግፊቱን መቆጣጠር ቀጣዩን ጉዳት ይቀንሳልና። በብዙ አረጋውያን ላይ ግን ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። የፊትና የጎን የአንጎል ክፍሎች ከሌላው ቀድመው ሲሟሽሹ፣ ሰውየው ከመርሳቱ በፊት ጠባዩ ወይም አነጋገሩ ይለወጣል።

ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት ሕመም ዓይነት በምስል ለመያዝ ያስቸግራል፤ ሂፖካምፐስ ብዙም ሳይነካ ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛው ግን በቤት ውስጥ የሌሉ ሕፃናትን ወይም እንስሳትን ያያል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ አንድ ቀን ነቅቶ በማግስቱ ይደነዝዛል። ጂኒ ነው ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። አደጋው ግን ከመድኃኒቱም ይመጣል፤ ቅዠቱን ለማስታገስ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ቢሰጠው ከባድ መገተር ብሎም ሞት ሊያስከትል ይችላል። የዶፓሚን ሥርዓትን የሚያሳይ የኒውክሌር ምርመራ ከአልዛይመር ለመለየት ያግዛል። ፔት ስካንም የአልዛይመር ምልክት የሆነውን የአሚሎይድ ክምችት ያሳያል፤ ይሁንና ክምችቱ ጤናማ አረጋውያን ላይም ስለሚገኝ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። እነዚህ ውድ ምርመራዎች የሌሉበት ከተማ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከተራው ሲቲ ስካን ነው።

ቢሮው ለድል ጮራና ለሳቢያን ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም ለጤና ጣቢያዎች አንድ የጽሑፍ መመሪያ ቢያወጣ ሥራው ይቃናል። መርሳት የጀመረው ሰው የቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ከምስሉ ጋር ይደረግለት፤ የድብርት ምልክትም ይጠየቅ። የምስል ማዘዣው ላይ «የራስ ሲቲ» ብቻ ተጽፎ አይላክ። መቼ እንደጀመረ፣ ወድቆ እንደሆነ፣ አረማመዱና ቅዠቱ አብሮ ይጻፍ፤ ጥያቄ ያልቀረበለት ራዲዮሎጂስት «ለዕድሜው የሚመጥን መሟሸሽ» ብሎ ቢያልፍ አይወቀስም። ውጤቱም የደም ክምችት፣ የክፍተቶቹን ስፋት፣ የስትሮክ ጠባሳና የሂፖካምፐስን ሁኔታ ለየብቻ ይግለጽ። ወጪው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚሸፈንበት ሁኔታ ለቤተሰቦች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይነገር። የመጀመሪያው ፊልምም ከካርዱ ጋር ይቀመጥ፤ በዓመቱ የሚነሣው ምስል ትርጉም የሚኖረው ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው።